የሞተርሆምዎ ቀለም በነዳጅ እንዳይበላሽ፦ ከማደያ መግቢያ እስከ መውጫ

ያገለገለ ሞተርሆም (ውስጡ መኖሪያ ሆኖ የተሠራ መኪና) ሊገዙ ሲሄዱ የነዳጅ መሙያውን አካባቢ ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ከሥሩ ቁልቁል የወረደ ቢጫ ወይም ጥቁር መስመር፣ የተሸበሸበ ስቲከር፣ በግማሽ ክብ ቅርጽ የደበዘዘ ቦታ ካለ መኪናው ለዓመታት እንዴት ሲቀዳለት እንደኖረ ይናገራል። ጉዳቱ በአብዛኛው ነዳጁ እየተቀዳ ሳለ የሚደርስ አይደለም። የሚደርሰው ኖዝሉ (ነዳጅ የሚቀዳበት ባለ እጀታ አፍ) ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ፣ ሰው "በቃ ሞላ" ብሎ ሲዘናጋ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። መመሪያው የተጻፈው በአሜሪካ መንገድ ላይ ሞተርሆም ለሚነዱ ነው፤ ገዝተውም ይሁን ተከራይተው። በአውሮፓ በፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራ ካምፐር ለሚይዙም የሚለየው ጥቂት ነው።

ጎኑ ከምን ተሠራ?

ጥንቃቄውም ሆነ ማስለቀቂያው የሚወሰነው በዚህ ስለሆነ መጀመሪያ የመኪናዎን ጎን ይወቁ። ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያላቸው ክላስ ሲ የሚባሉት በአብዛኛው ግድግዳቸው ፋይበርግላስ ነው፤ ላዩም ጄልኮት የሚባል ጠንካራ የሬዚን ልባስ ነው። በላዩ የሚታዩት ባለ ቀለም መስመሮች ብዙውን ጊዜ ቀለም ሳይሆኑ የተለጠፈ ቪኒል ናቸው። አውቶቡስ የሚመስሉት ክላስ ኤ፣ በተለይ ውድ የሆኑት፣ ቦዲያቸው በሙሉ ይቀባና ክሊር ኮት ይደረብበታል። ክላስ ቢ ማለት ቫን ነው፤ የፋብሪካ ቀለም ያለው ላሜራ።

ክሊር ኮት የሚባለው የላይኛው ልባስ ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ይቀጥናል። ጄልኮት በግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ስለሚሆን ወፍራም ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ሲበላው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ ያኔ ናፍጣን ይመጥጣል። በእጅዎ ሲያሹት ነጭ ዱቄት የሚተውልዎ ጄልኮት እዚህ ደረጃ ደርሷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ጎን ላይ አንድ ጠብታም ብትሆን ምልክት ትታ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ነዳጆቹ። ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ሰዎችም "ደረቀ እኮ" ብለው ይተዉታል። ሲተን ግን በቀለሙ ላይ የተቀባውን ሰም ይዞት ይሄዳል፤ ክሊር ኮቱን ያለሰልሳል፤ በጠርዙ ላይም ቢጫማ ቀለበት ይተዋል። ናፍጣ በተቃራኒው ቶሎ አይተንም። እንደ ዘይት ይሳባል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከሳምንት በኋላ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ባዮዲዝል (ከአትክልት ዘይትና ከስብ የሚሠራ ነዳጅ) የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ቀለምን የማለስለስ ኃይሉ ይበረታል። ሦስተኛው ፈሳሽ ዴፍ ነው፤ የናፍጣ መኪና ጭስ እንዲጣራ በራሱ ታንክ የሚሞላ፣ በአውሮፓ አድብሉ የሚሉት። 32.5 በመቶ ዩሪያ ሲሆን ቀሪው ውሃ ነው። ቀለሙን አያሟሟም፤ ሲደርቅ ግን ነጭ ክሪስታል ይሆናል፤ ያንን ክሪስታል በደረቅ ጨርቅ የሚፈትግ ሰው ቀለሙን በአሸዋ እንደ መፈተግ ነው የሚያደርገው። አሉሚኒየምንና መዳብንም ይበላል። መድኃኒቱ ብዙ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው።

ከቀለሙ የባሰ አንድ ነገር አለ። የብዙ ሞተርሆሞች ግድግዳ በመካከሉ ስታይሮፎም የሚባለው ነጩ ፎም አለበት። ቤንዚን ይህን ፎም ያሟሟዋል። የመሙያው ዙሪያ ማሸጊያ ከተሰነጠቀ፣ ከውጭ የሚታየው ጠብታ በውስጥ በኩል ወደ ግድግዳው ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ የመሙያውን ማቀፊያ ብሎኖችና ማሸጊያ ይፈትሹ። ለማሸጊያ ተራ ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ ነዳጅ ሲነካው ያብጥና ይላቀቃል። ነዳጅ እንደሚቋቋም ማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን ዓይነት ይግዙ።

በአንድ ሳጥን የሚያዝ ዕቃ

ከመሙያው አጠገብ ባለ የውጭ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሳጥን፣ እነዚህን ያስቀምጡ፦ 6 የጥጥ ፎጣዎች (40 በ60 ሴንቲሜትር ገደማ)፣ 3 ማይክሮፋይበር ጨርቆች፣ የናይትሪል ጓንት፣ ግማሽ ሊትር የሚረጭ ጠርሙስ ከውሃና ከ5 ሚሊሊትር ገለልተኛ የመኪና ሻምፑ ጋር፣ 2 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ትንሽ የሚረጭ ሰም፣ አጥብቀው የሚዘጉ 2 ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች። የምግብ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለአስቸኳይ ጊዜ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰሙን ጠርጎ ስለሚወስድ ልማድ አያድርጉት።

የጥጥ ፎጣ ያልነው በምክንያት ነው። ማይክሮፋይበር ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ሊያጠራቅም ይችላል፤ በቤንዚን ትነት አጠገብ አይፈለግም። ማይክሮፋይበሩ የሚወጣው ክዳኑ ተዘግቶ፣ ኖዝሉ ቦታው ተመልሶ፣ ለማድረቅና ሰም ለመቀባት ብቻ ነው። ጓንቱም ናይትሪል ይሁን፤ ላቴክስን ነዳጅ ቶሎ ያበላሸዋል። ጀርመን ውስጥ በብዙ ማደያዎች በናፍጣው አጠገብ የሚጣል ጓንት ተሰቅሎ ይገኛል፤ አሜሪካ ውስጥ ይህን ተስፋ አያድርጉ።

በኖዝሉ አንገት ላይ የሚጠለቅ፣ እንደ ቀለበት ክብ የሆነ ነዳጅ መጣጭ ስፖንጅም ይሸጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ የሚረጨውን ይይዛል። ጉድለቱ አንዴ ከጠገበ በኋላ ራሱ የሚያንጠባጥብ መሆኑ ነው፤ ሲከብድ ይቀይሩት።

ማግኔት ያለው የቦዲ መከላከያ ምንጣፍ ከመግዛትዎ በፊት ማግኔት ይዘው ጎኑን ይሞክሩት። ፋይበርግላስም አሉሚኒየምም ላይ አይያዝም። የሚሠራው በቫኖቹ ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከማግኔቱ ሥር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካለች ራሱ ይቧጭራል።

ማደያው ከመግባትዎ በፊት

የፕሮፔን ጋዙን ከራሱ ከጋዙ ታንክ ላይ ይዝጉ። ይህ ለቀለም ሳይሆን ለነፍስ ነው፦ በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ፣ የውሃ ማሞቂያና የቤት ማሞቂያ ራሳቸው በፈለጉ ሰዓት እሳት ያቀጣጥላሉ፤ የጭስ መውጫቸውም ከነዳጅ መሙያው በተመሳሳይ ጎን ሊሆን ይችላል። ጄኔሬተሩንም ያጥፉ። ማደያው ውስጥ ገብተው ሳይሆን ከመግባትዎ በፊት ያድርጉት።

ለሞተርሆም የሚመቹት እንደ ፍላይንግ ጄይ እና ላቭስ ያሉ ትልልቅ የመንገድ ማደያዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ለሞተርሆም የተለየ መስመር አላቸው። የናፍጣ ክላስ ኤ የያዘ ሰው ወደ ከባድ መኪኖች መስመር መግባት ይችላል፤ ሁለት ነገር ግን ይወቅ። አንደኛ፣ የከባድ መኪና ኖዝል ወፍራም ነው፤ ፍሰቱም በጣም ፈጣን ነው። ቤንዚን በአሜሪካ ሕግ በደቂቃ ከ10 ጋሎን (38 ሊትር ገደማ) በላይ እንዳይፈስ የተገደበ ሲሆን የከባድ መኪና ናፍጣ ግን ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ናፍጣ ደግሞ ሲፈጥን አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ታንኩ ሳይሞላ የመሙያው አፍ ጋ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ የዚያ መስመር ወለል በናፍጣ የተነከረ ነው፤ በጫማዎ ይዘውት ወደ ውስጥ ምንጣፍ ይገባሉ። በደረጃው ላይ አሮጌ ምንጣፍ ያኑሩ።

በእጀታ ቀለም አይመሩ። በብዙ ማደያ አረንጓዴ እጀታ ናፍጣ ነው፤ ቢፒ ማደያ ግን አረንጓዴው ቤንዚን ነው። ጽሑፉን ያንብቡ። የራስዎን ክዳኖችም እንዲሁ፤ በአንዳንድ ሞተርሆሞች የመጠጥ ውሃ መሙያው ከነዳጁ አጠገብ ሆኖ መልኩም ይመሳሰላል፤ ናፍጣ በውሃ ታንካቸው የጨመሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ዴፍ መሙያው ሰማያዊ ክዳን አለው።

አቋቋም

ብዙ ሰው ወደ መቅጃው ተጠግቶ መቆም ይመርጣል። ለሞተርሆም ተገላቢጦሹ ነው የሚሻለው፦ ከማሽኑ ከ70 እስከ 90 ሴንቲሜትር ይራቁ። በጣም ሲጠጉ ቱቦው ይታጠፍና ከቦዲው ጋር ይጣበቃል፤ ሲወጡም ጭራው ከብረት ምሰሶው ጋር ይገናኛል። በጣም ሲርቁ ደግሞ ቱቦው ይወጠርና ኖዝሉን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ የተጎተተ ኖዝል ያንጠባጥባል። መሙያው ከማሽኑ ፊት ለፊት ሳይሆን ግማሽ ሜትር ያህል አለፍ ብሎ ቢቆም ቱቦው ሳይታጠፍ ይደርሳል።

ስፖኪዮውን፣ በጎን በኩል ለጥላ የሚዘረጋውን መጋረጃ ክንድና የጣሪያውን ከፍታ ይዩ። የማደያው ጣሪያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከመኪናዎ ከፍታ ጋር ያስተያዩ፤ የራስዎን ከፍታ ከነኤሲው ለክተው በመሪው አጠገብ ይለጥፉት።

ሲቀዱ

1. ጓንት ያድርጉ። ሰዓት፣ ቀለበት፣ የቀበቶ ዘለበትና የጃኬት ዚፕ ከቦዲው ያርቁ። ከመሙያው ዙሪያ ካሉት ቀጫጭን ጭረቶች አብዛኞቹ የነዳጅ ሳይሆኑ የዘለበት ናቸው፤ ሰው ኖዝሉን ይዞ ሲቆም በጎኑ ይደገፋልና።

2. ከመሙያው ራቅ ያለ ባዶ ብረት፣ ለምሳሌ የበር ማጠፊያ፣ በእጅዎ ይንኩ። ከዚህ በኋላ እስኪጨርሱ ወደ መኪናው አይግቡ።

3. ክዳኑን በቀስታ፣ በግማሽ ዙር ይፍቱና "ፍስስ" የሚለው ድምፅ እስኪያበቃ ይጠብቁ። በሞቃት ቀን ታንኩ ግፊት አለው፤ በአንድ ጊዜ ቢከፈት ትነቱ ጠብታ ይዞ ይወጣል። ክዳኑን በማሰሪያው ተንጠልጥሎ እንዲወዛወዝ አይተዉት። የክዳኑ ውስጥ ሁልጊዜ በነዳጅ የራሰ ነው፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው በቦዲው ላይ እየተፋተገ ያንን የግማሽ ክብ ምልክት የሚሠራው እሱ ነው። መሙያውን በሚሸፍነው ትንሽ በር ላይ ማንጠልጠያ ካለ እዚያ ይስቀሉት፤ ከሌለው በፎጣ ይጠቅልሉት።

4. አንድ የጥጥ ፎጣ አራት ማዕዘን አድርገው አጥፈው በመሙያው ሥር ይያዙት፤ ወይም የላይኛውን ጫፍ በትንሹ በር ሥር ያስገቡት። ውሃ ይዞ የሚሄድ ሳይሆን ጠብታ የሚይዝ ነገር ስለሚያስፈልግ እርጥብ አይሁን።

5. ኖዝሉን ሲያነሡ አፉን ወደ ላይ አድርገው ያምጡት። የቀደመው ሰው የተወው ጥቂት ነዳጅ በአንገቱ ውስጥ አለ፤ ወደ ታች ከያዙት የመጀመሪያው ጠብታ በእርስዎ ቦዲ ላይ ነው የሚያርፈው። ኖዝሉ መሙያው ውስጥ ሳይገባ እጀታውን አይጫኑ።

6. ኖዝሉን እስከ መጨረሻው ያስገቡ። ቱቦውን በሌላኛው እጅ ከቦዲው አርቀው ይያዙ፤ መሬት ሲጎተት የኖረ ቱቦ አሸዋ የለበሰ ነው። ሁለት ሰው ካለ አንዱ ቱቦ ይያዝ።

7. በዝግታ ይጀምሩ። 55 ጋሎን የሚይዝ የፎርድ ኢ-450 ታንክ በሙሉ ፍሰት ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ በመካከለኛ ፍሰት ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። ያ ጊዜ አያስቆጭም። እጀታውን እንደተጫነ የሚያቆየውን መያዣ አስገብተው ጥለው አይሂዱ።

ኖዝሉ በመካከል ቀጭ እያለ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ሁሌም ታንኩ ሞልቶ አይደለም። በኖዝሉ ጫፍ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በኩል አየር እስከገባ ድረስ ነዳጁ ይፈስሳል፤ ነዳጅ ወይም አረፋ ሲሸፍናት የአየሩ ስበት ውስጡ ያለውን መዝጊያ ይለቀዋል። በሞተርሆም ላይ የመሙያው ቱቦ ብዙ ጊዜ ረጅምና ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚተኛ ነዳጁ ይመለስና ቀዳዳዋን ይሸፍናል። ኖዝሉን ሩብ ዙር ያዙሩ፤ ካልሆነ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ይሳቡና በእጀታው የመጀመሪያ ጥርስ፣ ማለትም በዝግተኛው ፍሰት፣ ብቻ ይቅዱ። ግማሽ ዙር፣ ማለትም ተገልብጦ፣ የሚሻልባቸውም መኪኖች አሉ። አንድ ጊዜ የሚስማማውን ካገኙ በትንሹ በር ውስጥ በምልክት ያስቀምጡት።

የመርሴዲስ ስፕሪንተር ቫን ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበል። የነዳጁ ትንሽ በር የሚከፈተው የሾፌሩ በር ሲከፈት ነው፤ ጠብታውም በበሩ ጠርዝና በመክፈቻው ቋሚ ላይ ይወርዳል። ፎጣው እዚያ ድረስ ይድረስ፤ ሲጨርሱም የበሩን ጎሚኒ ይጥረጉ፤ ናፍጣ ጎማን ያሳብጣል።

ቀጭ ካለ በኋላ

እዚህ ላይ ነው ቀለሙ የሚድነው ወይም የሚበላሸው። ታንኩ ሞልቶ ሲቆም እጅዎን ይልቀቁ፤ ሒሳቡን ሙሉ ቁጥር ለማድረስ አይጨምሩ። ማደያው መሬት ሥር ያለው ነዳጅ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ወጥተው በፀሐይ ሲቆሙ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ ቤንዚን በመጠኑ ወደ 2 በመቶ ይጨምራል፤ 55 ጋሎን ላይ 1 ጋሎን ገደማ ነው። ያ ቦታ ካላገኘ በክዳኑ በኩል ይወጣል፤ መሙያው ያለበት ጎን ዘመም ብሎ በካምፕ ቦታ ከቆመማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ያድራል። በቤንዚን መኪና ላይ ደግሞ ትርፉ ወደ ትነት መያዣው ከሰል ሄዶ ያበላሸዋል።

እጀታውን ከለቀቁ በኋላ ኖዝሉን ሳይነቅሉ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጠብቁ። እጀታው ያለበትን ጫፍ ከፍ አድርገው አንገቱ ውስጥ የቀረው ወደ ታንኩ እንዲወርድ ያድርጉ። ከዚያ በቀስታ ሲስቡ፣ አፉ ገና ከመሙያው ሳይወጣ፣ ኖዝሉን ወደ ላይ ያዙሩት፤ በሌላው እጅ ያለው ፎጣ ሥር ሥሩን ይከተለው። እስከ ማሽኑ ድረስ አፉ ወደ ላይ እንደሆነ፣ ፎጣው ከሥሩ እንዳለ ይውሰዱት። ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት የመሙያውን ከንፈርና የክዳኑን ጎሚኒ ይጥረጉ፤ ከዚያ የክዳኑ ዓይነት የሚጠይቀውን ያህል ቀጭ እስኪል ያጥብቁ።

ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤንዚን በራስ መቅዳት በሕግ ክልክል ነው፤ ከ1949 ጀምሮ። እዚያ ኖዝሉ በሠራተኛው እጅ ነው፤ ልክ እንደ አዲስ አበባ። ወርደው ፎጣውን ራስዎ ይያዙና "ወንድሜ፣ ሲቆም አትጨምርበት" ቢሉ ማንም አይከፋውም።

ከፈሰሰ

መጥረግ የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ፎጣውን ጫን አድርገው ያንሱ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ወደ መሙያው አቅጣጫ፣ በየጊዜው ንጹሕ ገጽ እያዞሩ። ወደ ጎን ከጠረጉ ነዳጁንም አሸዋውንም ያልነካው ቦታ ላይ ያዳርሱታል። ቦዲው በፀሐይ የጋለ ከሆነ ፎጣው ከመጠጠ በኋላ ወደ ጥላ ወጣ ይበሉ።

ቀጥሎ የሻምፑውን ውሃ በብዛት ይርጩ፤ 30 ሰከንድ ይተዉት፤ በሌላ ፎጣ ያንሱ። ለቤንዚን አንድ ጊዜ ይበቃል። ለናፍጣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያስፈልጋል። መልቀቁን ለማወቅ ንጹሕ ውሃ ያፍሱበት፦ ናፍጣ ካለ ውሃው በጠርዙ ቀስተ ደመና ያሳያል፤ ጓንት ባደረገ ጣት ሲነኩት ያንሸራትታል። በመጨረሻ በማይክሮፋይበር አድርቀው የሚረጨውን ሰም ይቀቡ፤ ነዳጁ የድሮውን ሰም ወስዶታልና ያ ቦታ ራቁቱን ነው።

በማሽኑ አጠገብ በባልዲ ውሃ አያጥቡ፤ ነዳጅ ወደ ፍሳሽ መውረጃ መግባት የለበትም። የፈሰሰው ብዙ ከሆነ ለማደያው ሠራተኛ ይንገሩ፤ መጣጭ ነገር አላቸው። ለመስተዋት ማጠቢያ የተቀመጠውን የማደያውን ባልዲና መጥረጊያ በምንም ምክንያት ቀለም ላይ አያሳርፉ፤ ሥሩ ከመቶ መኪና የተሰበሰበ አሸዋ ነው። የራሰውን ፎጣ በከረጢት አጥብቀው ዘግተው በውጭ ሳጥን ያኑሩት እንጂ ወደ መኖሪያው አያስገቡት።

ሲወጡ

ከነዳጅ ጠብታ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ቢጫው የብረት ምሰሶ ነው። ከኋላ ጎማ በስተኋላ የተንጠለጠለው ክፍል በረጃጅሞቹ ላይ ከ3 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ መሪውን ወደ ግራ ሲያጥፉ ጭራው ወደ ቀኝ ይወጣል። ስንት እንደሚወጣ ባዶ ሜዳ ላይ ይለኩት፦ ጎኑን ከቀለም መስመር ጋር አስተካክለው ያቁሙ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ያጥፉና ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ረዳት የኋላው ፓራውልት ከመስመሩ ምን ያህል እንዳለፈ ይለካ። ያቺን ቁጥር ይያዙ። ከማደያ ሲወጡ ጭራው ማሽኑንና ምሰሶውን እስኪያልፍ ድረስ ቀጥ ብለው ይሂዱ፤ ከዚያ ነው መሪ የሚታጠፈው።

ግልጽ ፊልም መለጠፍ

በየጊዜው ፎጣ የሚረሱ ከሆነ (ማን አይረሳም?) ከመሙያው ሥር የቀለም መከላከያ ግልጽ ፊልም ይለጥፉ። ውፍረቱ 200 ማይክሮን ገደማ፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር ይበቃል። አዲስ በተቀባ ቀለም ላይ አይለጥፉ፤ ቢያንስ 30 ቀን ይጠብቁ። ቪኒል ስቲከር ላይ ከተለጠፈም በሚነሣበት ቀን ስቲከሩን ይዞት እንደሚመጣ ይወቁ።

ቦታውን አጥበው ያድርቁ። ባለ 70 በመቶውን የፋርማሲ አልኮል ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለው ሰሙ እስኪለቅ ይጥረጉ። በግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 4 ወይም 5 ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ጨምረው ቦዲውንም የፊልሙን ሙጫ ያለበት ፊትም በደንብ ያርሱ፤ ካልራሰ ፊልሙ በነካበት ቦታ ተጣብቆ ይቀራል። ቦታውን ካስተካከሉ በኋላ ከመካከል ወደ ጠርዝ በፕላስቲክ መጥረጊያ ውሃውን ያስወጡ። የአየሩ ሙቀት ከ15 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ማዕዘኖቹን ክብ አድርገው ይቁረጡ፤ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይነሣል። ቢላውን ግን ቀለሙ ላይ አስደግፈው አይቁረጡ፤ አስቀድመው በጠረጴዛ ላይ ይጨርሱት።

ሥራው የሚበላሸው በላይኛው ጠርዝ ነው። ፊልሙ ከመሙያው ማቀፊያ በታች ከጀመረ ነዳጁ በጠርዙ ገብቶ ሙጫውን ያቀልጠዋል፤ በፊልሙና በቀለሙ መካከልም ታሽጎ ይቀራል፤ ምንም ካልለጠፉበት ጊዜ የከፋ ይሆናል። ስለዚህ ማቀፊያውን በብሎኖቹ ፈትተው ፊልሙን 1 ሴንቲሜትር ከሥሩ ያስገቡና መልሰው በአዲስ ማሸጊያ ይሰሩት። 48 ሰዓት ሳይሞላው ነዳጅ አይቅዱ። ፊልሙ ቢጫ መሆን ሲጀምር ይቀይሩት፤ እየተበላ ያለው እሱ እንጂ ቀለሙ አይደለም።

ሁልጊዜ የሚተፋ መሙያ

በተለያዩ ማደያዎች፣ በዝግታም ሲቀዱ፣ መልሶ የሚተፋ ከሆነ ችግሩ ከእጅዎ አይደለም። መኪናውን ያስመርምሩ። ሻሲውን የሠራው ፋብሪካ ሌላ፣ ቤቱን የሠራው ሌላ ስለሆነ የመሙያው ቱቦ በመካከሉ ሆድ አበጅቶ ነዳጅ የሚጠራቀምበት ሊሆን ይችላል፤ ከአፉ እስከ ታንኩ ያለማቋረጥ እየወረደ መሄድ አለበት። ከጎኑ ያለችው ቀጭኗ የአየር ቱቦ ከታጠፈች ወይም ፋሸታዋ ከመጠን በላይ ከጠበቀ አየሩ መውጫ ያጣል። በቤንዚን መኪኖች ደግሞ የትነት መስመሩ ቫልቭ ተዘግቶ ሲቀር፣ ወይም ክረምቱን ቆሞ የኖረ መኪና መተንፈሻ ውስጥ ሸረሪት ወይም ተርብ ሲሠራበት ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ቱቦው የሚቀየር ከሆነ ነዳጅ መሙያ ተብሎ የተሠራ ቱቦ ይሁን።

የቆየ ምልክት

ክሊር ኮቱ ደብዝዞ ወይም ለስልሶ ከተገኘ በዚያው ቀን አይፈትጉት። አጥበው አንድ ሁለት ቀን ይተዉት፤ የገባው ነዳጅ ሲተን ልባሱ መልሶ ሊጠነክር ይችላል። ከዚያ በቀጭን ፖሊሽ፣ በእጅ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይሞክሩ። ጋራዦች የሚጠቀሙበት ተራው የቀለም ውፍረት መለኪያ ብረት ሥር ከሌለ አያነብም፤ ፋይበርግላስ ላይ ስንት እንደቀረ ሳያውቁ ነው የሚፈትጉት ማለት ነው።

ጄልኮት ውስጥ ለገባ ናፍጣ 3 እጅ ቤኪንግ ሶዳ ከ1 እጅ ውሃ ጋር ለጥፈው በፕላስቲክ ይሸፍኑት፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ በብዙ ውሃ ያንሱት። ቢጫው ከቀነሰ ይድገሙት፤ ካልቀነሰ የጄልኮት ኮምፓውንድ (ከፖሊሽ ሻከር ያለ መፈተጊያ) ይከተላል። ሲያልቅ ሰም ይቀቡ፤ በየ3 ወይም 4 ወሩም ያድሱት። የተሸበሸበ ቪኒል ግን ተመልሶ አይተኛም፤ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ይላጡትና አዲስ ያስቆርጡ።

በመጨረሻ የመሙያውን ዙሪያ በጣትዎ አጥንት ኳ ኳ ያድርጉ። ከሌላው ግድግዳ በተለየ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ወይም በእጅ ሲጫኑት ገባ ካለ፣ ነዳጁ ወደ ውስጥ ገብቶ ፎሙን በልቶታል። በቤት ውስጥ የቤንዚን ሽታ ካለ መስኮቶቹን ይክፈቱ፤ ፕሮፔኑ ተዘግቶ ይቆይ፤ ምድጃም ሆነ ማሞቂያ ሳያቀጣጥሉ መኪናውን የሞተርሆም ግድግዳ ወደሚጠግን ጋራዥ ይውሰዱት። ማቀፊያው ተነሥቶ፣ የሟሟው ፎም ተቆርጦ ወጥቶ ግድግዳው ሳይደርቅ ከውጭ ፖሊሽም ቀለምም ቢቀቡት ገንዘብ መጣል ነው።